ዋጋ ያልወጣለት ዕቃ ነው የሚጣለው



እንደምታውቁት እሁድ እሁድ የዋጋ ዝርዝር አንለጥፍም። መጋዘኑም ደላላውም ያርፋል፤ እኛም ትንሽ ሰፋ አድርገን እናወራለን። ሳምንቱን ሙሉ በውስጥ መስመር የደረሰኝ ጥያቄ ያው የተለመደው ነው። «ሲሚንቶ ይወርዳል ወይስ አሁን ልግዛ?» «ባለ 12 ፌሮ ስንት ገባ?» «ጠጠር ለምን ጨመረ?» የቅዳሜው ዝርዝር ላይ ያለውን አይታችሁ ወስኑ፤ የነገውን ነገ ጠዋት እናየዋለን።

ዛሬ የማወራው ዝርዝራችን ላይ ወጥቶ ስለማያውቅ ዕቃ ነው። ስለ አሮጌው። ከፈረሰ ቤት ስለሚወጣው በር፣ ድንጋይ፣ ቆርቆሮ፣ ብሎኬት። እንዲያውም ስላልፈረሰውም ቤት ጭምር። እኔ ይህን ቻናል ስከፍት «የግንባታ ዕቃ ዋጋ» ብዬ ነበር፤ ግን እስከ ዛሬ የለጠፍኩት የአዲስ ዕቃ ዋጋ ብቻ ነው። ይህ ስህተት እንደነበር የገባኝ በራሴ ቤተሰብ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። እስቲ ልንገራችሁ።

አምና ክረምት ከመግባቱ በፊት አክስቴ ግቢዋ ውስጥ ጂ ፕላስ 2 ልትሠራ ተነሳች። ከፊት ለፊት ያለው አሮጌው ቤት ነበር። መሠረቱ ጥርብ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ሳንቃ፣ በሩና መስኮቱ የዝግባ እንጨት። ከኋላ ጥግ ላይ ደግሞ ከ9 ዓመት በፊት ያሠራችው ባለ 4 ክፍል ሰርቪስ ነበረ፤ ብሎኬት ግድግዳ፣ የአርማታ ምሰሶ፣ ስንጥቅ የሌለው ወለል። እኔ የቤተሰቡ «ዋጋ አዋቂ» ስለሆንኩ ምክር የተጠየቅኩት እኔ ነኝ።

አንድ አዛውንት ከመርካቶ ምናለሽ ተራ መጡ። ግቢውን ዞረው አዩና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ 12 ቀን ስጠኝ። 6 ሰው ይዤ እመጣለሁ። በሩን፣ መስኮቱን፣ ሳንቃውን፣ ቆርቆሮውን በእጅ ነቅለን እንወስዳለን፤ ለሱ እከፍላችኋለሁ። ድንጋዩን አጽድተን ጥግ ላይ እንደረድርላችኋለን። እናንተው ትገነቡበታላችሁ።»

እኔስ ምን አልኩ? «አባባ፣ 12 ቀን በጣም ረጅም ነው፤ ክረምት እየገባብን ነው» ብዬ ሸኘኋቸው። ኤክስካቫተር አመጣን። በ2 ቀን ሁሉም ነገር አለቀ። ሰርቪሱም አብሮ ሄደ፤ ምክንያቱም ፕላኑ ላይ ግቢው ባዶ ሆኖ ነው የተሳለው። አክስቴ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አንተ ልጅ፣ ያቺን በር ብቻ አውጡልኝ፤ አባቴ ያሠራት ናት።» እኔም «እሺ እትዬ» አልኩ። ለኦፕሬተሩ ልነግረው ስሄድ በሯ ከግድግዳው ጋር ወድቃ ተሰባብራ ነበር።

ከዚያ ፍርስራሹን ለማስጣል 14 ጊዜ ሲኖትራክ ተመላለሰ። ለእያንዳንዱ ምልልስ ከፈልን። ከወር በኋላ መሠረት ሲጀመር ደግሞ ድንጋይ ገዛን፤ 3 መኪና። ያው ጥቁር ድንጋይ፣ ያው መጠን። ቤቱ አልቆ ሰርቪስ ሲያስፈልግ ደግሞ እዚያው ጥግ ላይ፣ በዚያው ልክ፣ 4 ክፍል እንደገና ሠራን። ልዩነቱ ቀለሙ ብቻ ነው። ለስትራክቸሩ ክትትል የመጣው መሐንዲስ የድሮውን ፎቶ አይቶ «ይሄን ለምን አፈረሳችሁት? ዋናውን ቤት 1 ሜትር ተኩል ብናሸሸው ይበቃ ነበር እኮ» አለኝ። ማንም አልጠየቀውም ነበር። እኔም አልጠየቅኩትም።

ስለዚህ ሁለት ጊዜ ከፈልን። አንዴ ለመጣል፣ አንዴ ለመግዛት። ዋጋ አዋቂው እኔ ነኝ ይህን ያስደረግኩት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙዎቻችሁ «ካርቦን» የሚለውን ቃል ስትሰሙ የስብሰባ ወሬ ይመስላችኋል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ግን ሲሚንቶ የሚነግድ ሰው ካርቦኑን ሳያውቅ ዋጋውን አያውቅም፤ ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ እሳት ነው።

ሲሚንቶ እንዴት ነው የሚሠራው? የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር ተፈጭቶ ምድጃ ውስጥ ይገባና እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይቃጠላል። የሚወጣው እንክብል ክሊንከር ይባላል። ክሊንከሩ ከጥቂት ጂፕሰም ጋር ሲፈጭ ኦፒሲ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጭሱ የነዳጁ ብቻ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ራሱ በክብደቱ 44 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ ታስሮ ይኖራል፣ ምድጃው ሲፈታው ወደ ሰማይ ይሄዳል። 100 ኪሎ ክሊንከር ሲሠራ ከድንጋዩ ብቻ ከ50 ኪሎ በላይ ይወጣል። የነዳጁ ሲጨመር ከ80 ኪሎ ያልፋል። ማለትም ፋብሪካው ነገ የድንጋይ ከሰሉን ትቶ በፀሐይ ቢያቃጥል እንኳን ከግማሽ በላይ የሆነው ካርቦን ይቀራል። በዓለም ላይ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው የሚባለው ለዚህ ነው።

በእኛ ቋንቋ ላስቀምጠው። 1 ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ስለዚህ 1 ኩንታል ኦፒሲ በገዛችሁ ቁጥር በግምት 30 ሊትር ናፍጣ ያቃጠላችሁ ያህል ነው። 1 ሜትር ኪዩብ ሲ-25 አርማታ ደግሞ ወደ 3 ኩንታል ተኩል ሲሚንቶ ይበላል፤ ያ ማለት ወደ 100 ሊትር ናፍጣ። የአክስቴ ሰርቪስ ውስጥ ስንት ሜትር ኪዩብ አርማታና ስንት ብሎኬት እንደነበረ አስቡት። ያ ሁሉ ናፍጣ ከ9 ዓመት በፊት ተቃጥሎ አልቋል፤ ተከፍሎበታል። እኛ ያደረግነው የተከፈለበትን ጥለን እንደገና ማቃጠል ነው።

ፒፒሲስ? ፒፒሲ ውስጥ ከክሊንከሩ የተወሰነው ወጥቶ በቦታው ፓሚስ ይገባል። ፓሚስ እሳተ ገሞራ አስቀድሞ ያቃጠለልን ነው፤ ምድጃ አይፈልግም። 30 በመቶ ፓሚስ ያለው ፒፒሲ ከኦፒሲ ጋር ሲነጻጸር በኩንታል ከ20 ኪሎ በላይ ካርቦን ይቀንሳል። ለልስን፣ ለግንብ፣ ለወለል ምንጣፍ ኦፒሲ ካልሆነ የሚል ሰው ገንዘቡንም አየሩንም ነው የሚያባክነው። ለምሰሶና ለቢም ግን መሐንዲሱ ያዘዘውን ተጠቀሙ፤ በዚያ ላይ እኔ አልገባም።

ወደ ብረት እንሂድ፤ ምክንያቱም ብረት ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሲፈርስ ምን ይሆናል? ኤክስካቫተሩ ገና ሳይወጣ መዶሻ የያዙ ልጆች ይመጣሉ። አርማታውን ይቀጠቅጣሉ፣ ፌሮውን ነቅለው በኪሎ ይሸጣሉ። ከእነሱ ሰብሳቢው ይገዛል፣ ከሰብሳቢው ትልቁ ነጋዴ፣ ከነጋዴው ማቅለጫው። ከማቅለጫው ተመልሶ ፌሮ ሆኖ እኛ ዝርዝር ላይ ይወጣል። በየሰፈሩ «ቁራሌው! ቁራሌው!» የሚለውም የዚሁ ሰንሰለት የመጀመሪያ ቀለበት ነው። ማንም ሚኒስቴር አላደራጀውም፤ ማንም ሥልጠና አልሰጠም።

ይህ ደግሞ በካርቦንም ቀላል ነገር አይደለም። ብረት ከማዕድኑ በከሰል ሲወጣ በ1 ቶን ወደ 2 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ቁርጥራጭ ብረት በኤሌክትሪክ ሲቀልጥ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው፤ በተለይ ኤሌክትሪኩ እንደ እኛ አገር በአብዛኛው ከውኃ ሲመጣ። ዶላሩንም አትርሱ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ከውጭ የሚገባ ብረት ምን እንደሆነ ሁላችሁም አይታችኋል። እዚሁ የቀለጠ ብረት የሚፈልገው ዶላር ያነሰ ነው።

እና ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ብረቱ አንድ ኪሎ ሳይጠፋ ሲሰበሰብ፣ ከጎኑ ያለው ድንጋይ፣ ብሎኬትና አርማታ ለምን ወንዝ ዳር ይደፋል?

መልሱ ቀላል ነው። ብረት በየቀኑ የሚታወቅ የኪሎ ዋጋ አለው። ልጁም ያውቀዋል፣ ሰብሳቢውም ያውቀዋል። ለድንጋዩና ለበሩ ግን «ስንት ነው?» ቢባል መልስ የለም። ዋጋ ያልወጣለትን ነገር ደግሞ ማንም አያነሳውም። ሰው ስለ አካባቢ ግድ ስለሌለው አይደለም። እኔ ራሴ 12ቱን ቀን ያልፈቀድኩት አዛውንቱ የሚሰጡኝ ጥቅም ስንት ብር እንደሆነ በጭንቅላቴ ማስላት ስላልቻልኩ ነው። የኤክስካቫተሩን የሰዓት ኪራይ ግን በቃሌ አውቀው ነበር። የማውቀውን ቁጥር መረጥኩ። በቃ።

አሮጌ ዕቃን መልሶ መጠቀም ለእኛ አዲስ አይደለም። የሃ ሄዳችሁ ከሆነ፣ በአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ የዋልያ ምስል የተቀረጸባቸው ድንጋዮች አሉ፤ ከክርስትና በፊት ከነበረ ሕንፃ የመጡ ናቸው። በየገጠሩ ሰው ቤት ሲቀይር ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ ምሰሶውን ይዞ ነው የሚሄደው። ከተማችን ውስጥም ኮብልስቶን እዩ። የውኃ ቱቦ ሲፈነዳ ይነሳል፣ ይደረደራል፣ ተመልሶ ይነጠፋል። ድንጋዩ ያው ነው። ለምን? ያለ ሲሚንቶ ስለተነጠፈ መለየት ይቻላል። የአክስቴ አሮጌ ቤት መሠረትም በጭቃ ነበር የተያያዘው፤ በዶማ ይለያይ ነበር። ዛሬ እኛ ሁሉን ነገር በጠንካራ ቡኬት እናጣብቅና ከ20 ዓመት በኋላ ሲፈርስ ድንጋዩም ብሎኬቱም አብሮ ይሰበራል።

ውጭ አገር ደግሞ ይህን በሕግ የያዙ ከተሞች አሉ። አሜሪካ፣ ኦሬገን ውስጥ ያለችው ፖርትላንድ ከተማ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1916 እ.ኤ.አ. ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ መኖሪያ ቤት በማሽን እንዳይደረመስ፣ በእጅ እየተፈታ እንዲነሳ አዘዘች። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ እስከ 1940 እ.ኤ.አ. የተሠሩትን ጨመረች። ከዚያ በኋላ የሚነቅል ሠራተኛ ሥራ አገኘ፣ አሮጌ እንጨት የሚሸጥ ሱቅ ዕቃ አገኘ። እነሱ ሕግ አውጥተው የፈጠሩትን ሙያ እኛ ምናለሽ ተራ ውስጥ ሕግ ሳይወጣለት አለን። ያለንን ሰው ነው «12 ቀን ረጅም ነው» ብዬ የመለስኩት።

እዚህ ላይ ግን ሐቁን ሳላድበሰብስ ልናገር፤ ምክንያቱም አሮጌ ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ጥቅሙ ቅደም ተከተል ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ አለማፍረስ። ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ነው። መሠረቱና ምሰሶው ደህና ከሆነ ማደስ፣ መቀጠል፣ የውስጥ ክፍፍሉን መቀየር። የሲሚንቶና የፌሮ አብዛኛው ካርቦን ያለው በስትራክቸሩ ውስጥ ነው። ቀለም፣ መስኮትና ሴራሚክ ብትቀይሩ ስትራክቸሩ እስካለ ድረስ ትልቁን ወጪ አድናችኋል። ከማፍረሳችሁ በፊት መሐንዲስ አስጠይቁ፤ የአንድ ቀን የምርመራ ክፍያ ከአንድ ምሰሶ ዋጋ ያነሰ ነው።

ሁለተኛ፣ በእጅ ፈትቶ እንደነበረ መጠቀም። በር፣ መስኮት፣ ሳንቃ፣ የጣሪያ እንጨት፣ ያልዛገ ቆርቆሮ፣ ጥርብ ድንጋይ፣ ሸክላ ጡብ፣ የላሜራ በር። ድሮ የተሠራ የዝግባና የጥድ በር ዛሬ በምንም ዋጋ አዲስ አታገኙትም። እንጨት ደግሞ ካርቦን ውስጡ ይዞ የሚኖር ዕቃ ነው፤ ለማገዶ ሲሄድ ይለቀዋል፣ በር ሆኖ ሲቆይ ይዞት ይኖራል።

ሦስተኛ፣ መፍጨት። የተሰበረ አርማታና ብሎኬት ተፈጭቶ ከመሠረት በታች ለሚደለደል ሙሌት፣ ለመንገድ፣ ለግቢ ንጣፍ፣ ለብሎኬት ምርት ይሆናል። ለአርማታ ጠጠርም በብዙ አገር ከሻካራው ጠጠር እስከ 30 በመቶ የሚሆነውን ይተኩበታል። ግን አሮጌ ቡኬት ስለተጣበቀበት ውኃ ይጠጣል፤ ያለ ላቦራቶሪ ፍተሻ ምሰሶ ውስጥ አይገባም። አንድ ነገር ደግሞ እንወቅ፦ የተፈጨ አርማታ ጠጠርን ይተካል እንጂ ሲሚንቶን አይተካም። ስለዚህ «እኛ እንፈጫለን፣ አካባቢ ጠብቀናል» ብሎ ደህና ሕንፃ ማፍረስ ራስን ማታለል ነው። ትልቁን ጥሎ ትንሹን መልቀም ይሆናል።

አራተኛ፣ ፈጽሞ የማይመለሰው። ከፍርስራሽ የተነቀለ ጠማማ ፌሮ ቀጥ ተደርጎ ምሰሶና ቢም ውስጥ አይገባም። ይህን የሚያደርጉ ሳይቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው፣ እባካችሁ ተዉት። ቦታው ማቅለጫ ነው። እዚሁ የቀለጠ አዲስ ፌሮ ስትገዙም የፍተሻ ወረቀቱን ጠይቁ። አስቤስቶስ ያለበት የጣሪያ ወይም የቧንቧ ዕቃ ካጋጠማችሁ ደግሞ አትስበሩት፣ አትሽጡት፤ ብናኙ ሳንባ ይገድላል።

አሁን የሚመጣብኝን ተቃውሞ አውቃለሁ። በውስጥ መስመር ከመጻፋችሁ በፊት ልመልስ።

«አሮጌ ዕቃ የድሃ ነው» የሚል አለ። ሰውዬው ሳሎኑ ውስጥ የአያቱን መሶብ ሰቅሎ የአያቱን በር ግን ያስጥላል። በነገራችን ላይ ቦሌ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ካፌዎች አሮጌ ሳንቃና አሮጌ በር ፈልገው በውድ ነው የሚገዙት። ነገሩ የድህነት አይደለም፤ የልማድ ነው።

«ጊዜ የለም» የሚል አለ። ይህ እውነት አለበት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ምን ያህል ቤት እንደተነሳ ሁላችንም አይተናል። መነሳቱ ትክክል ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እኔ የማወራው ከተነሳ በኋላ ስላለው ነው። ለሚነሳ ቤት ከማሽኑ በፊት ለነቃዮች ተጨማሪ 10 ቀን ቢሰጥ፣ ከተማው ለቆሻሻ ማመላለሻ የሚያወጣውም ይቀንሳል፣ ባለቤቱም ለቤት ኪራይ የሚሆን ጥቂት ብር ይይዛል። በግል ግንባታ ላይ ደግሞ «ጊዜ የለም» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ውሸት ነው። እኛ በ2 ቀን አፍርሰን የግንባታ ፈቃድ 2 ወር ጠበቅን።

«የተሰረቀ ዕቃ ይበዛል» የሚል አለ። ልክ ነው፤ የቦይ ክዳንና የመብራት ሽቦ እየተነቀለ መሸጡን እናውቃለን። መፍትሔው ግን ገበያውን በደረሰኝ ማድረግ ነው። ከየት ቤት እንደወጣ የሚገልጽ ወረቀት፣ የባለቤቱ ፊርማ። አሁን ግን ደረሰኝ ስለሌለው ሐቀኛውም ሌባውም እኩል ይጠረጠራሉ።

የመጨረሻው ተቃውሞ የራሴ ነው። እኔ የምኖረው አዲስ ዕቃ ሲሸጥ ነው። ሲሚንቶ ሲንቀሳቀስ ነው ኮሚሽን የማገኘው። አሮጌው ከተለመደ የእኔ ድርሻ አይቀንስም ወይ? ብዙ አሰብኩበት። በ2014 ዓ.ም. ሲሚንቶ በጠፋ ጊዜ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። በኮታ፣ በወረፋ፣ በደላላ እጅ በእጥፍ። ስንቱ ሳይት ቆመ፣ ስንቱ ግንበኛ ሥራ ፈትቶ ዋለ። ዛሬ እነ ለሚን የመሰለ ትልቅ ፋብሪካ ገብቶ አቅርቦቱ ተሻሽሏል፤ ጥሩ ነው። ግን ከተማው እያደገ ነው። ለመኖሪያ ቤትና ለትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ሲሚንቶ፣ መፍረስ ያልነበረበትን ሰርቪስ መልሶ ለመሥራት ሲሄድ ዋጋው ለሁላችንም ይጨምራል። እኔ ኮሚሽኔን የማገኘው ገበያው ጤነኛ ሲሆን ነው እንጂ ሰው ሁለት ጊዜ ሲከፍል አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ባለቤት ከሆናችሁ፣ ከማፍረሳችሁ በፊት ሁለት ሰው ጥሩ፤ አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ከምናለሽ ተራ። የሁለቱንም ቁጥር በወረቀት ላይ አስቀምጡ። የኤክስካቫተሩን ኪራይ፣ የሲኖትራኩን ምልልስ፣ ኋላ የምትገዙትን ድንጋይ ደምሩ። ከዚያ ወስኑ። ምናልባት ማሽኑ ያዋጣ ይሆናል፤ ቢያንስ ግን አስልታችሁ ትወስናላችሁ።

ተቋራጭ ከሆናችሁ፣ የዋጋ ማቅረቢያችሁ ላይ «ማፍረስ» የሚል አንድ መስመር ብቻ አትጻፉ። «ፈትቶ መለየት» የሚል ሌላ መስመር ጨምሩና ለባለቤቱ ምርጫ ስጡት። አዲስ ግንብ ስትሠሩም የማያስፈልገውን ያህል ሲሚንቶ ቡኬት ውስጥ አትክተቱ፤ ክብደት ለማይሸከም የብሎኬት ክፍልፍል የምሰሶ ጥንካሬ አያስፈልገውም። ነገ የሚፈታው ልጃችሁ ሊሆን ይችላል።

አርክቴክት ከሆናችሁ፣ ግቢው ውስጥ ያለውን ሳታዩ ባዶ ግቢ አትሳሉ። የእኛ ጥፋት የጀመረው ከፕላኑ ነው።

እና እኔ? ከነገ ሰኞ ጀምሮ የዋጋ ዝርዝሩ ሁለት ክፍል ይኖረዋል። ላይኛው እንደ ድሮው ነው፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ብሎኬት። ታችኛው «ከፈረሰ ቤት» ይላል። መጀመሪያ በ6 ዕቃ እንጀምራለን፦ የእንጨት በር በቁጥር፣ የላሜራ በርና መስኮት በካሬ፣ ሳንቃ በሜትር፣ አሮጌ ቆርቆሮ በቁጥር፣ የጸዳ ጥርብ ድንጋይ በሜትር ኪዩብ፣ ሸክላ ጡብ በቁጥር። እያንዳንዱ በሁለት ደረጃ ይወጣል፤ «እንዳለ የሚገባ» እና «ጥገና የሚፈልግ»። መጀመሪያ ላይ ዋጋው ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል፤ ይህን ከአሁኑ እወቁልኝ። የፌሮ ዋጋም ድሮ እንደዚያ ነበር። በየቀኑ ሲጻፍ ነው የሚቀራረበው።

አዛውንቱን ባለፈው ረቡዕ ሄጄ አገኘኋቸው። ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው የመስኮት ማጠፊያ ያጸዱ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «ምን ይቅርታ ያስፈልገዋል ልጄ፣ ስንቱ ነው እንደዚያ የሚለኝ» አሉና በዚያ ሳምንት የሸጡትን በዝርዝር ነገሩኝ። የሰኞው የመጀመሪያ ዋጋ ከእሳቸው ነው የሚመጣው። አክስቴን የምትመስል በር ካገኙ እንዲደውሉልኝም ነግሬያቸዋለሁ። ያቺኑ እንዳልሆነች አክስቴም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

እናንተም ከየሰፈራችሁ ላኩልኝ። ከፈረሰ ቤት የገዛችሁት ወይም የሸጣችሁት ዕቃ ካለ፣ ምን እንደሆነ፣ በስንት፣ የት ሰፈር፣ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ጻፉልኝ። ፎቶ ቢኖር ጥሩ ነው። ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ አዳማ ያላችሁም አትቅሩ፤ የትራንስፖርቱ ልዩነት ብቻውን ራሱን የቻለ ወሬ ነው።

ቤት ሊያፈርስ የተነሳ ዘመድ ካላችሁ ይህን ላኩለት። ማሽኑ ከመድረሱ በፊት ይድረሰው።

መልካም እሁድ። ነገ ጠዋት በዋጋ እንገናኝ።